ኤልፋዝም ይህንኑ ብሎ ነበር

ይድረስ ለልጆቼ፤

ባለፈው ሰሞን የእህቴ የልጅ ልጅ ደወለችልኝ። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ናት። «አባባ፣ አብሮን የሚያጠና ልጅ አለ። ጎበዝ ነው፣ ጨዋ ነው፣ ግን አያምንም። መጽሐፍ ቅዱስን ሰዎች የፈለጉትን እየጨመሩ፣ ያልፈለጉትን እየቀነሱ ያዘጋጁት ነው ይላል። ትናንት ደግሞ እግዚአብሔር ካለ ሕፃናት ለምን በረሃብ ይሞታሉ ብሎ ጠየቀኝ። አጠር ያለ መልስ ይጻፉልኝና በቴሌግራም ልላክለት» አለችኝ።

አጠር ያለ መልስ የለኝም። ያን ሌሊት እንቅልፍም አልወሰደኝም። ስለ መጽሐፉ አዘገጃጀት የጠየቀው ከባድ አይደለም፤ እመለስበታለሁ። ሁለተኛው ጥያቄ ግን አርባ ዓመት ወደ ኋላ፣ ኮረም ድረስ ይዞኝ ሄደ። ለእሷ ብቻ ልጽፍ ጀምሬ ይህ ነገር የብዙዎቻችሁ ጥያቄ መሆኑን ስለማውቅ ለሁላችሁም አደረግሁት።

ሙያዬ ጤና መኮንን ነው። የተማርኩት ጎንደር፣ ያኔ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በሚባለው ነው። በ1977 ዓ.ም ኮረም መጠለያ ተመድቤ ነበር። ኮረም ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ደጋ ከተማ ናት፤ በዚያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ነበረች። ብርዷ አጥንት ይሰብራል። በረሃብ ያለቀ ሰው ብርድ መቋቋም አይችልም፤ ሰውነቱ ነድዶ የሚያሞቀው ስብ አልቋል። ስለዚህ ብዙ ሰው የሚሞተው ሊነጋጋ ሲል ነበር። ጠዋት ጠዋት ቤተሰብ ሬሳውን ባለው ጨርቅ ጠቅልሎ ያወጣል። ከተፈናቃዮቹ መካከል የነበሩ ካህናት፣ ራሳቸው መቆም እያቃታቸው፣ ፍትሐት ያደርሳሉ።

የእኔ ሥራ ሕፃናቱን መመዘን ነበር። ከግንድ ላይ የተንጠለጠለ ሚዛን አለ፤ ከሥሩ ሱሪ የመሰለ ጨርቅ ተሰቅሏል። የልጁን እግሮች በዚያ ውስጥ አስገብታችሁ ትለቁታላችሁ፤ መርፌው ይዞራል። ከዚያ ቁመቱ ይለካል፤ ሁለቱ ቁጥሮች በሠንጠረዥ ይተያያሉ። ከመስመሩ በታች የሆነው ልዩ ምገባ ውስጥ ይገባል፤ ትንሽ ከፍ ያለው ራሽን ተሰጥቶት ይመለሳል። አንዲት እናት ልጇ ከመስመሩ በጥቂት ግራም በልጦ ሲመለስባት፣ «ጥፋቱ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ልጁ መዳኑ ጥፋት ሆኖ ተቆጠረበት ብላ ነው። ያቺን ሴት አሁንም አልረሳኋትም።

ከእኔ ጋር አንድ ሳኒታሪያን ነበር። ውኃ በክሎሪን ማከም፣ መጸዳጃ ጉድጓድ ማስቆፈር፣ ለቅማል ዲዲቲ መርጨት የእሱ ድርሻ ነበር። ሁላችንም «የኔታ» እንለው ነበር። የጎጃም ቄስ ልጅ ነው። ዳዊት በቃሉ ይወጣል፤ ቅኔ ተቀኝቷል፤ መጻሕፍት ቤት ገብቶ ትርጓሜ ጀምሮ ነበር። ከዚያ ወደ ዘመናዊ ትምህርት ቤት መጣ፤ የተማሪዎች እንቅስቃሴ ዘመን ነበርና እንደ ብዙ የዘመኑ ልጆች እምነቱን እዚያው ጣለው። በየሳምንቱ በምንሰበሰብበት የውይይት ክበብ ስለ ቁስ አካል የሚያስረዳን እሱ ነበር። አነጋገሩ ግን የየኔታ ነው፤ ማርክስን የሚያብራራው «አንድም» እያለ ነበር።

ያን ዘመን ለማታውቁት አንድ ነገር ልንገራችሁ። በ1971 ዓ.ም ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስና የመካነ ኢየሱሱ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በመንግሥት ተገድለዋል። እኛ ተራ ሠራተኞቹ ማተባችንን ከሸሚዝ ሥር አድርገን ዝም የምንል ነበርን። አፉን ሞልቶ የሚናገረው የማያምነው ሰው ነበር። ዛሬ ተራው ተገልብጧል። ዛሬ የማያምነው ልጅ በቤተሰቡ ውስጥ ብቻውን ነው። እናቱ ብትሰማ ታለቅሳለች፤ ለዓመት በዓል ቤት ሲሄድ ጾም ገደፍክ አልገደፍክ እየተባለ ይጠየቃል። ከእናንተ ጋር ሲነጋገር ድምፁ ከፍ የሚለው ከትዕቢት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ብዙዎቻችሁ ይህን አታስተውሉም፤ እናንተ ብዙ፣ እሱ አንድ መሆኑን ትረሳላችሁ።

ወደ ኮረም ልመለስ። አንድ ምሽት ድንኳን ውስጥ ሻይ እየጠጣን ነው። ያን ቀን ብዙ ሕፃናት ሞተዋል፤ ኩፍኝ ገብቶ ነበር። አንድ ሌላ ባልደረባችን፣ ደግ ሰው፣ «ምን እናድርግ፣ የኃጢአታችን ዋጋ ነው» አለ። የኔታ ብርጭቆውን አስቀመጠና በዝግታ፣ «ኤልፋዝም ይህንኑ ብሏል፤ ምዕራፍ አራት» አለ። ባልደረባችን ኤልፋዝ ማን እንደሆነ አላወቀም። እኔ ከኢዮብ ወዳጆች አንዱ መሆኑን አውቅ ነበር እንጂ ምን እንዳለ አላስታውስም። የኔታ በቃሉ ወረደልን፤ ንጹሕ ሆኖ የጠፋ ማን ነው፣ ክፋትን የሚዘራ ያንኑ ያጭዳል የሚለውን። ከዚያ፣ «ትናንት ማታ የሞተችው ሕፃን ገና ጥርስ አላወጣችም። ምን ዘርታ ነው?» አለ።

ማንም አልመለሰም። እኔ የ1954ቱን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ሻንጣዬ ውስጥ ይዤ ነበር። አወጣሁና ሰጠሁት፤ «አንተ ታውቀዋለህ፣ እኔ አላውቀውም፤ ከመጀመሪያው አንብብልኝ» አልኩት። እምቢ ይላል ብዬ ነበር። ፋኖሱን ወደ ራሱ አስጠጋና አነበበ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ ስንጨርስ፣ ድካም ካልጣለን፣ አንድ ወይም ሁለት ምዕራፍ እናነብ ነበር። የሚያነበው እሱ ነው፤ የንባብ ቤት ልጅ ስለሆነ ድምፁ ሳያውቀው ዜማ ይይዛል። ከባድ ቦታ ሲደርስ ቆም ይልና አባቶች እንዲህም ይሉታል፣ አንድም እንዲህ ይሉታል እያለ ያብራራል። ጎንደር የሁለቱ የትርጓሜ ወገኖች፣ የላይ ቤትና የታች ቤት አገር ናት፤ ኮሌጅ ሳለሁ በየአድባራቱ የሚያስተምሩትን ሊቃውንት በሩቁ አይ ነበር። አንድ ቀንም ቁጭ ብዬ አልሰማሁም፤ መርፌና መድኃኒት ይበልጥብኝ ነበር። አንድምታን፣ ይህን «አንድም» እያለ የሚሄደውን የአባቶች ትርጓሜ፣ የሰማሁት ኮረም ላይ፣ አላምንም ከሚል ሰው አፍ ነው።

ሃያ አራተኛው ምዕራፍ ላይ ስንደርስ የሆነውን ልንገራችሁ። ኢዮብ እዚያ ስለ ድሆች ይናገራል። ራቁታቸውን ያድራሉ ይላል፤ በብርድ ጊዜ መጎናጸፊያ የላቸውም፤ ከተራራ የሚወርደው ዝናብ ያረጥባቸዋል፤ መጠጊያ አጥተው ቋጥኝ ተጠግተው ያድራሉ፤ ተርበው የሰው ነዶ ይሸከማሉ። የቆሰሉት ይጮኻሉ፣ እግዚአብሔር ግን ዝም ይላል። የኔታ አንብቦ ጨረሰና መጽሐፉን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ዝም አለ። ከድንኳኑ ውጭ ሳል ይሰማል፤ እዚያ ሳል የማይሰማበት ሰዓት አልነበረም። «ይህን የጻፈው ሰው ኮረምን ያውቃል» አለ። ትንሽ ቆይቶም፣ «አንድ ነገር አልገባኝም። ይህን መጽሐፍ የሚያርመው ካድሬ ቢሆን ኖሮ ይህችን ምዕራፍ ይሰርዛት ነበር። የእናንተ ሰዎች ለምን ሳይነኳት ተዉዋት?» አለኝ።

መልስ አልሰጠሁትም፤ አልነበረኝም። ግን ልጄ፣ የጓደኛሽ ሁለት ጥያቄዎች አንድ ላይ ሲገናኙ ያየሁት በዚያ ሌሊት ነው። መጽሐፉን ሰዎች እንደ ፍላጎታቸው ቢያስተካክሉት ኖሮ ይህ ጩኸት መጀመሪያ ይሰረዝ ነበር። ዕንባቆም አምላኩን እስከ መቼ አትሰማም ይላል። ኤርምያስ የተወለደበትን ቀን ይረግማል። ጴጥሮስ ይክዳል፤ ያውም የቤተ ክርስቲያን አለቃ ሆኖ ታሪኩ በአራቱም ወንጌሎች ተጽፎበታል። የሚጠራጠር ሰው የሚያነሳውን ጥያቄ ከእሱ በፊት አምርረው ያነሱት እዚያው ውስጥ አሉ።

ሠላሳ አንደኛው ምዕራፍ «የኢዮብ ቃል ተፈጸመ» ብሎ ያበቃል። እዚያ ደረስን። በማግስቱ መኪና መጣ፤ ሰፋሪዎች ወደሚወሰዱበት ወደ ወለጋ ተመድበሃል ተባልኩ። በዚያ ዘመን ለምን ተብሎ አይጠየቅም። ዕቃዬን ጫንኩ፤ መጽሐፉን ለእሱ ተውኩለት። እሱም፣ «ቀሪውን ስንገናኝ» አለኝ።

አልተገናኘንም። በዚያው ክረምት ተስቦ ይዞት ማረፉን፣ ወራት ካለፉ በኋላ ደሴ ከሚኖር ባልደረባ ሰማሁ። ቅማል የሚያጠፋልን ሰው በቅማል በሽታ ሞተ። አመነ ወይ ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል፤ ይህን ታሪክ የነገርኳቸው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነው። እኔ የማውቀው ሠላሳ አንደኛው ምዕራፍ ድረስ ያለውን ብቻ ነው።

የሚቆጨኝ ሌላ ነገር ነው። መጽሐፉ መልስ መስጠት የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነበር። ሠላሳ ስምንተኛው ላይ እግዚአብሔር በዐውሎ ነፋስ ውስጥ ሆኖ ይናገራል፤ ምድርን ስመሠርት ወዴት ነበርህ ይላል። የኔታ በዚህ እንደሚቆጣ አውቃለሁ። «ለተራበ ሰው ስለ ከዋክብት ይነገረዋል?» ይል ነበር፤ እኔም አንዳንድ ቀን እንደዚያ እላለሁ። የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ግን የእግዚአብሔር ቁጣ የሚነድደው በማን ላይ ነው? በኤልፋዝና በሁለቱ ወዳጆቹ ላይ! እግዚአብሔርን ሲከላከሉ፣ ሲሟገቱለት በዋሉት ላይ። እንደ ባሪያዬ እንደ ኢዮብ ቅን ነገር ስለ እኔ አልተናገራችሁም ይላቸዋል። ፊት ለፊት የተሟገተው ኢዮብ ቅን ተባለ፤ ጠበቆቹ መሥዋዕት አቅርበው ኢዮብ እንዲጸልይላቸው ታዘዙ። ያቺን ቁጥር ባነበብኩ ቁጥር የኔታ ሲያነባት ፊቱን ማየት እመኛለሁ። አንድምታውን ያውቀው ይሆናል። ግን ኮረም ላይ ሆኖ፣ በዚያ ፋኖስ ቢያነባት ምን ይል ነበር?

አሁን ወደ እናንተ። ስለ ትሕትና፣ ስለ ጸሎት፣ ሰው ስላለመስደብ አልጽፍላችሁም፤ ይህን ከቤታችሁ ታውቁታላችሁ። ባታውቁትም በደብዳቤ አይገባችሁም።

ቲክቶክ ላይ በቀጥታ ሥርጭት የሚደረገውን ክርክር የእህቴ ልጅ አሳይታኛለች። አዘንኩ። ኦርቶዶክሱ ፕሮቴስታንቱን፣ ፕሮቴስታንቱ ኦርቶዶክሱን፣ ሁለቱ ደግሞ የማያምነውን «አፉን አስያዝኩት» ለማለት ይሽቀዳደማሉ። ተመልካቹ ልብ ይልካል። የአፍ ክርክር ማንንም ወደ እምነት ሲያመጣ አላየሁም። የእናንተ ትውልድ መልስ መፈለግ ያውቃል፤ እኛ አንዲት መጽሐፍ ለማግኘት የምንለፋውን እናንተ በጣታችሁ ታገኙታላችሁ። ጥያቄ ይዞ ማደር ግን አይሆንላችሁም። የኢዮብ ወዳጆች እንኳ አፋቸውን ሳይከፍቱ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእሱ ጋር መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ያ ከሠሩት ሁሉ የተሻለው ሥራቸው ነበር።

በሽተኛ ሲመጣ የሕመሙን ታሪክ ሳይጠይቁ መድኃኒት የሚጽፉ ወጣት ባለሙያዎች አስተምሬአለሁ። ሆዴን ይላል፤ ለሆድ ይሰጡታል፤ ሕመሙ ግን ልቡ ላይ ነው። የሚጠራጠር ጓደኛችሁንም መልስ ከመስጠታችሁ በፊት ጠይቁት። መቼ ነው ይህ ጥያቄ የመጣብህ? ማን ሞቶብህ ነው? ሕፃናት ለምን በረሃብ ይሞታሉ ያለው ልጅ የት ተወልዶ እንዳደገ ልጄ አልጠየቀችውም። በቅርቡ በአገራችን የሆነውን አይተናል። ከጦርነት አካባቢ የመጣ ከሆነ የሚጠይቅሽ የፍልስፍና ጥያቄ አይደለም።

ይህን ስል ግን ዕውቀት አያስፈልግም ማለቴ እንዳይመስላችሁ። ያለ ዕውቀት መናገር ይቅር የማይባል ስንፍና ነው። ደግሞም፣ አሁን ሳስበው፣ ከላይ ያልኩት ሙሉ እውነት አይደለም፤ ክርክር አንድ ሰው አምጥቷል። ጅማ አብሮኝ የሠራ ሐኪም ስለ ክርስቶስ ከቤተ ክርስቲያን ውጭ የጻፈ የለም ይል ነበር። ሮማዊው ታሲተስ ክርስቶስ በጲላጦስ ዘመን መገደሉን መጻፉን ሲያገኝ ማንበብ ጀመረ፤ ንባቡም ወደ ቤተ ክርስቲያን አደረሰው። እርግጥ ያን ሐኪም ማንም አልረታውም፤ ራሱ ነው የፈለገው።

ስለዚህ መጽሐፉ እንዴት እንደ ደረሰን ዕወቁ። ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስ በኒቅያ ጉባኤ መጻሕፍቱን መረጠ የሚባለው ተረት ነው። በ325 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ኒቅያ ላይ የተሰበሰቡት ወልድ ፍጡር ነው ባለው በአርዮስ ምክንያት ነው። የአዲስ ኪዳንን 27 መጻሕፍት እኛ በምናውቀው መልክ ዘርዝሮ የጻፈው የእስክንድርያው አትናቴዎስ ነው፤ በ367 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ በፋሲካ ደብዳቤው። ይህ አትናቴዎስ ለእኛ አባ ሰላማን የሾመልን ነው። ከዚያም በኋላ የመጻሕፍቱ ቁጥር በሁሉም ቦታ እኩል አልሆነም፤ የእኛ ቤተ ክርስቲያን 81 ትቆጥራለች። አንድ ንጉሥ በአንድ ቀን ቢወስነው ኖሮ ይህ ልዩነት ከየት ይመጣ ነበር?

በ1947 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሙት ባሕር አጠገብ፣ ቁምራን ዋሻ የተገኘው የኢሳይያስ ጥቅል በዚያን ጊዜ ከሚታወቁት የዕብራይስጥ ቅጂዎች በሺህ ዓመት ገደማ ይቀድማል። ሲነጻጸር በአብዛኛው ያው ነው። ልዩነት የለም ግን አትበሉ፤ አለ። የፊደል፣ የቃል፣ አልፎ አልፎም የሐረግ። ከዓድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም ያሉት ወንጌሎች በራዲዮካርቦን ተመርምረው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ330 እስከ 650 ባለው ጊዜ ውስጥ የተዘጋጁ መሆናቸው ተነግሯል። ይህን የሚያህል ቅርስ አገራችሁ ላይ ሆኖ ስለ ብራና ጉዳይ ከፈረንጅ ቪዲዮ ብቻ መማራችሁ ያሳዝነኛል።

ሳይንስን ጠላት አታድርጉት። እኔ በሥራ ዘመኔ ወባ ክሎሮኪን የሚባለውን መድኃኒት ስትለማመድ፣ ፋንሲዳር ሲተካ፣ እሱም ሲከሽፍ፣ ኮአርተም ሲመጣ አይቻለሁ። ተውሳክ ይለወጣል፤ በዓይኔ ያየሁትን ስለ እምነቴ ብዬ አልክድም። ኦሪት ዘፍጥረት የወባ መማሪያ ሆኖ አልተሰጠንም። ስለ ድንቅነሽ ሲጠየቁ የሚደነግጡ ልጆች አያለሁ፤ ሙዚየም ሄደው ቢያዩዋት ይሻላቸዋል።

አንቺ ልጄ፣ መልስ አትላኪለት። ጊዜ ካለው አብራችሁ አንብቡ። ኢዮብ ይከብዳል ብላችሁ ከፈራችሁ ከማርቆስ ጀምሩ፤ አጭር ነው፣ 16 ምዕራፍ። እሱ ያንብብ፣ አንቺ አድምጪ። ዘጠነኛው ላይ የታመመ ልጅ ይዞ የመጣው አባት፣ «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» የሚለው ጋ ስትደርሱ ለማብራራት አትቸኩዪ። መጨረሻው ምዕራፍ ላይ ቁጥር ስምንት ስትደርሱ ደግሞ አንቺው ቀድመሽ ንገሪው፤ ሲናይና ቫቲካን ኮዴክስ በሚባሉት በሁለቱ ጥንታውያን ቅጂዎች ወንጌሉ እዚያ ላይ እንደሚያበቃ፣ ሴቶቹ ፈርተው ከመቃብሩ ሲሸሹ። በኋላ ከሌላ ሰው ሰምቶ ደበቀችኝ እንዳይልሽ። አውቀሽ ከነገርሽው በሌላው ነገርም ያምንሻል።

በስልክ መጨረሻ ላይ፣ «እኔስ አብሬው ሳነብ እምነቴን ባጣስ?» ብለሽኝ ነበር፤ ጩኸት ሆኖብን አልመለስኩልሽም። ልትናወጪ ትችያለሽ። እኔም ኮረም ላይ ተናውጬአለሁ፤ ጠዋት የዘወትር ጸሎት መጸለይ ያቃተኝ ሰሞን ነበር። የንስሐ አባትሽን አስቀድመሽ ንገሪ፤ ብቻሽን አትግቢበት። ፈተናሽ በሰኔ ካለቀ ክረምቱን እኔ ዘንድ ነይ፤ ልጁም መምጣት ከፈለገ ይምጣ፤ አልጋ አለ። ከሠላሳ ሁለተኛው ምዕራፍ ጀምረን እናነባለን።